የግራው በረት ፍየሎች

ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። የቀኙ በረት ፍየሎች ወተት ቅባቱ አራት ነጥብ ሁለት። የግራውም አራት ነጥብ ሁለት። ክው አለች። ሦስት ወር ሙሉ ቀኞቹ የእርግብ አተር ቅጠል፣ ግራዎቹ ድርቆሽ ብቻ ሲበሉ ከርመው እንዴት ነው ነገሩ?

አባቷ የድርቆሹን ማሳ ግማሹን ለእርግብ አተር የለቀቀላት በአንድ ቃል ነበር፤ የቀኞቹ ወተት በቅባት ከግራዎቹ ካልበለጠ ማሳው ይታረሳል። የመኖ ትምህርቷን ጨርሳ ከመጣች ጀምሮ "የቅጠል ሐኪም" እያለ ሲያሾፍባት የከረመ ሰው፣ ወረቀቱን ሲያይ አላሾፈም። ስልኩን አንስቶ ለባለ ትራክተሩ ደወለ። ቃል ቃል ነው።

ትራክተሩ ሥራ በጀመረበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ፍየሎቹን የምታልበው አክስቷ ባልዲዋን ይዛ ብቅ አለች።

"የኔ ልጅ፣ ግራዎቹ ነገ ምን ሊበሉ ነው? ድርቆሽ እንደሆነ ረስተውታል።"

"ምን አልሽ?"

"ቀኞቹ በለምለሙ ሲንበሸበሹ እነሱ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ሲጮሁ አንጀቴ አልችል አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ማሳ አንድ ሸክም እጨምርና እኩል አበላቸዋለሁ። አንዱ እየበላ ሌላው የሚያይበት ቤት መቼ ይባረካል?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ነዋ!"

ደግሞ በአክስቷ ላይ ማን ይቆጣል? ፍየል ስታልብ እንኳ "ይቅርታ እናቴ" የምትል ሴት ናት። ልጅቷ የጠረጴዛዋን መሳቢያ በርግዳ የአምናውን የላቦራቶሪ ወረቀት አወጣች። በዚሁ ወር፣ በድርቆሽ ብቻ፣ ሦስት ነጥብ አንድ። የተማረችው እሷ ቀኝና ግራ ስታመዛዝን ከርማ፣ አምናን ከዘንድሮ ማስተያየት ትዝ ሳይላት ቀርቷል! ቅጠሉ የሁለቱንም በረት ወተት ነው ያወፈረው።

እየሮጠች ወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው። የትራክተሩ ሞተር ጠፍቷል፤ ከዳር እስከ ዳር የተገለበጠ አፈር ብቻ ይታያል። አባቷና ባለ ትራክተሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወተት ይጠጣሉ።

"ምን ያስሮጥሻል? ነይ ይሄን ቅመሺ!" አላት አባቷ ኩባያውን እየዘረጋላት። "ዘንድሮ ወተታችን እንዴት ወፍሯል! አላልኩሽም? ድርቆሽን የሚያክል መኖ የለም።"

ኩባያውን ተቀበለችው። አንድ ጊዜ ተጎነጨችለት፤ እውነትም ወፍሯል።