ሦስቱም እኩል

ኒቆዲሞስ ታይዋን ገበያ ውስጥ የድሮን ባትሪ ይሸጣል። ዓይን አውጣ ነው፤ የሞተ ባትሪ አሳምሮ መሸጥ ይችልበታል። አንድ ባትሪ ውስጥ ሦስት ሴሎች አሉ። አንደኛው ቢደክም እንኳ በማመጣጠኛ ቻርጀር ቀስ ተደርጎ ሲሞላ ሦስቱም እኩል ቮልት ያሳያሉ። ድካሙ የሚታወቀው ሥራ ሲበዛበት ነው። ለዚህ ኒቆዲሞስ መሳቢያው ውስጥ የመኪና አምፖል አለው፤ አምፖሉን ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ሲያበራ የታመመው ሴል ቮልት ወዲያው ይወርዳል። ለደንበኛ አሳይቶት አያውቅም።

ሉብና በድሮን ሠርግ ትቀርጻለች። ባለፈው እሑድ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ከኒቆዲሞስ በገዛችው ባትሪ የምትበረው ድሮን አስፋልት ላይ ተከሰከሰች። ለማሠሪያ እናቷ የተወችላትን አምባር ሸጠች። ድጋሚ ብትወድቅ የምትሸጠው የላትም።

ልትጠይቀው ስትመጣ ኒቆዲሞስ፣ "ሙቀት ነው የገደለው፤ ፀሐይ ላይ ትተሽው ይሆናል" አላት። አመነችው። ይባስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው።

"ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ኒቆ። አቦ፣ እንዴት እንደሚለይ አስተምረኝ።"

የቮልት መለኪያውን አውጥቶ አስተማራት። "ሦስቱ ሴሎች እኩል ከሆኑ ጤነኛ ነው። ከተበላለጡ እንዳትነኪው።"

ሉብና ደብተር አውጥታ ጻፈች። አምባሩ የነበረበት የእጇ ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ያን ሲያይ አንጀቱን በላችው። ምን እንደነካው ለራሱም ሳይገባው ከላይኛው መደርደሪያ አዲስ ባትሪ አወረደ።

"ይሄን ውሰጂ፣ ያኛውን በገዛሽበት ዋጋ።"

መለኪያውን ሰካችበት። ሦስት ነጥብ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አራት። ጤነኛ ነው፤ የተበላለጠው ከፋብሪካ እንደመጣ ገና ስላልሞላ ነው። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ እሱ ትናንት ሲያሳምረው የዋለውን አነሣች። አራት ነጥብ ሃያ፣ አራት ነጥብ ሃያ፣ አራት ነጥብ ሃያ።

ሉብና ሳቀች። "አንተ! ልትሸውደኝ ነበር አይደል?"

"የለም፣ አዲሱ ይሻልሻል።"

"ታዲያ ለምን ተበላለጠ?"

አምፖሉን አንድ ደቂቃ ቢያበራላት ይበቃ ነበር። ግን ያቺ ደቂቃ የእሑዱንም ባትሪ ታጋልጣለች። ሉብና አሳዝናዋለች፤ እስከዚህ ድረስ ግን አይደለም። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

"እንዳልሽ" አለና የታመመውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣት።

"አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ኒቆ። ባታስተምረኝ ኖሮ ዛሬም ጉድ ሆኜ ነበር" አለችው፤ ለነገው ሠርግ ልትዘጋጅም ባጃጅ ጠርታ ሄደች።