ከቦታው የማይለይ ሰው

ማሚቱ ያንን የውል አንቀጽ ስትጽፍ ባሏን አላሰበችም። ያሰበችው የፊተኛውን ተቋራጭ ነበር። ሰውየው ለፊርማው ቀን አንድ የታወቀ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ይዞ መጥቶ አስጨበጨበ፤ በማግስቱ ቆፋሪው ወደ ሌላ ሥራው ሄደ፣ የቁፋሮ መኪናውም ተከተለው። ጉድጓዱን ያገኘው ሁሉ ሲነካካው ተደረመሰ። የመንደሩ ሴቶች ዛሬም ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይቀዳሉ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። በውሃ ቢሮው ወንበሩ እንኳ የተውሶ ነበር፤ ውል አዘጋጅ ተብላ የተቀመጠችውም ማሚቱ ብቻ ናት። ስለዚህ ንዴቷን በውል ቋንቋ ተወጣችው። ቁልፍ ባለሙያ ማለት ስሙ በውሉ የሰፈረ፣ ሥራው እስኪያልቅም ከቦታው የማይለይ ሰው ነው፤ የሚተካው ቢመጣ በሙያው ከእሱ ማነስ የለበትም አለች። መሣሪያ ማለትም ቦታው ላይ ቆሞ የሚሠራ እንጂ ሊብሬው ብቻ የሚታይ አይደለም። የቢሮው ኃላፊ ኦቻንግ አንብቦ፣ «ይሄ ጥሩ ነው። አሁን ማን ያመልጣል?» አላት።

እውነትም ያመለጠ የለም። ነጋዴው ሸሪፍ የአዲሱን ጉድጓድ ጨረታ ሲያሸንፍ ቁልፍ ባለሙያ ብሎ ያስመዘገበው ወንዶሰንን፣ የማሚቱን ባል ነበር። ባሌ ነው ብላ ለኦቻንግ ብትነግረው ሳቀ፤ በከተማው ሌላ ቆፋሪ ካለ አምጪ አላት። ከየት ታምጣ።

ወንዶሰን ዝናብ ሳይገባ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ቁፋሮው ሄደ። መኪናው እየተሰበረ ጊዜውን በላው። በሰፈራ ጣቢያው አብረዋቸው የኖሩት ጎረቤቶች መንግሥት ሲለወጥ ወደ ወሎ ተመልሰዋልና ማሚቱ የምታወራው ሰው አጣች። ከቢሮ ስትወጣ ቤት ላለመግባት ባሮ ወንዝ ዳር ትወርዳለች። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች በቋንቋቸው ሲሳሳቁ ጥግ ይዛ ትሰማለች፤ ነገሩ ሳይገባት አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን የሠራችውን ወጥ በልታ ከጨረሰች በኋላ ጨው እንደበዛበት ታወቃት። ጨው በዛ የሚላት ሰው አለመኖሩ አስለቀሳት።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሸሪፍ ቢሮ መጣ። ወንዶሰን ይነሳና ረዳቱ ቶክ ይተካው ሲል ጠየቀ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። ማሚቱ ደስታዋ ፊቷ ላይ አስታወቀባት። ጭቃው መንገዱን ከዘጋው ባሏን እስከ ጥቅምት አታየውም፤ አሁን እሺ ብትል ግን ይኸው መጣ ማለት ነው። ችግሩ ቶክን ታውቀዋለች። ታታሪ ነው፣ ቧንቧ ሲሸከም ውሎ ደከመኝ አይልም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ግን አያውቅም። ኦቻንግ ፊቷን አየና፣ «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የምትይውን እፈርማለሁ» ብሏት ወጣ። ምነው ባልወጣ። ስለ ኩሬው ላለማሰብ ታገለች፣ አልሆነላትም።

«አይሆንም፣ ጋሽ ሸሪፍ» አለች በመጨረሻ። «ቶክ አይተካውም።»

ሸሪፍ ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እህቴ፣ የጠየቅኩት ለራሴ እንዳይመስልሽ። እኔማ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። እሱ ነው ለምኖ የላከኝ። ብቻዋን ናት፣ ዝናቡ ሳይዘጋኝ ልግባላት አለ። እንዳትነግራት፣ በእኔ ምክንያት እንዳትጨነቅ ብሎም አስምሎኝ ነበር።»

ማሚቱ ቃሏን ልታጥፍ አፏን ከፈተች። ኩሬው ትዝ ሲላት ግን ጎንበስ አለችና፣ በሚሄድ መኪና ልልክለት ብላ ያዘጋጀችውን ሸሚዝና ስኳር ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ሰጠችው።

«ምን ልበለው?» አላት።

«ያስቀረሁህ እኔ ነኝ ብላለች ይበሉት። ከሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

ሸሪፍ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ማሚቱ ቢሮውን ቆልፋ እንደ ልማዷ ወደ ባሮ ወረደች። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ሄደዋል።