በቆርቆሮ ሥር የከረመ ትምባሆ

ከጓዳው የሚያስለው ማን ነው?

ወይዘሮ ታደለች ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ውስጥ ከትምባሆ ጆንያ በቀር ምንም የለም። ሳሉ ግን የሟች ባላቸው የዓለምሰገድ ሳል ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ስንጥቅ የሚለው። ሲጋራ ካፉ ሳይለይ እንደሳለ ነው አዲስ አበባ የቀበሩት። ታዲያ ካምፓላ ድረስ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ተከትሏቸው መጣ?

ጆንያውን ያመጣው ልጃቸው ኃይለልዑል ነው። የደረቀ ቅጠል ገዝቶ ለነጋዴ ሊያስረክብ ሲል በኮሮና መንገድ ተዘጋና ዕቃው እቤት ቀረ። "ለጥቂት ቀን ነው እማዬ" ያለው ወራት ሆነ። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሲመሽ የሐይቁ እርጥበት ይገባል። ወይዘሮ ታደለችን ያስጨነቃቸው ግን ሽታው ነበር። ቄሱ ጸበል ሊረጩ ቢመጡስ? "የታደለች ቤት ትምባሆ ቤት ሆነ" ብሎ የማኅበሩ ሰው ቢያወራስ? ስለዚህ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉ፣ ጆንያውን በላስቲክ ጠቀለሉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ዛሬ መንገድ ተከፈተ። ኃይለልዑል ጆንያውን ሊያወጣ ሲል፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማረው ልጁ ትህትና ቀድማው ገባች።

"አባዬ! ይሄ ላስቲክ የማን ሥራ ነው? ቅጠሉ እኮ ተቀቅሏል!"

"ቀለሙን አታዪም? ወርቅ ነው!"

"መርዙ በዓይን አይታይማ። ትምባሆ መቼም ደግ ሆኖ አያውቅም። እንዲህ በሙቀትና በእርጥበት ታፍኖ ሲከርም ግን ናይትሮሳሚን የሚሉት ካንሰር አምጪ ነገር ውስጡ እየበዛ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ከዚሁ እየጠቀለልክ ታጨሳለህ።"

"ፕሮፌሰሯ መጣች! እስቲ ገበያውንም አስተምሪኝ።"

ወይዘሮ ታደለች የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

"ከዚህ ታጨሳለህ? ከዚህ?"

"እማዬ፣ አንቺ ደሞ አትጀምሪ።"

"እኔ ነኝ ያፈንኩት፣ ልጄ። ሽታው አሳፍሮኝ። አትሽጠው፣ ላንተም አይሁን፣ ጉድጓድ ይማስለት። አባትህ እዚህ ሆኖ ሲያስል እየሰማሁ እኮ ነው!"

"አባባ ሞቷል፣ እማዬ።"

"ታዲያ የማን ሳል ነው?"

ኃይለልዑል ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳል ቀደመው። ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ደግሞም ሳለ፤ መጨረሻው ላይ ስንጥቅ አለ። ትህትና አያቷን አየች። ወይዘሮ ታደለች ሊያማትቡ ያነሱት እጅ ደረታቸው ላይ ቀረ።

ከበር ውጭ ጆንያውን ሊጭን የመጣው ባለሞተር፣ የቦዳው ልጅ፣ ጥሩምባውን ነፋ። ኃይለልዑል አፉን በመዳፉ ጠረገ፣ መዳፉን አየ፣ ሱሪው ላይ አበሰው። እናቱ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለና በእጃቸው ሥር ዝቅ ብሎ ወጣ።