የዘይቱና በርኩማ

ፈረንጅ የተሰነጠቀ እንጨት ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ስንጥቁን እያሻሸ «የጥንት ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «አይደለም፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው» እለዋለሁ። ባሌ በዚህ ነገሬ ይበግናል። ምን ላድርግ፣ እዚህ ኮምቦልቻ ላይ የእንጨት ዕቃ ስሸጥ ስኖር አዲሱን አሮጌ ነው ማለት አንዴም አልሆነልኝም።

ለምሳሌ በርኩማ፣ ያ ሴቶች ሹሩባቸው እንዳይበላሽ አንገታቸውን የሚያሳርፉበት የእንጨት ትራስ። ላዩን አይቶ መፍረድ ሞኝነት ነው። ቅቤ ቀብቶ ጭስ ላይ መስቀል ማንም ይችላል። እኔ አንገት የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ነው የምዳብሰው። ሞረድ ያጎደጎደው ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ሰው ግን ወደለመደው ጎን ዞሮ ስለሚተኛ እንጨቱም ወደዚያው ያዘነብላል። ከዚያ ገልብጬ እግሩን አያለሁ። አስመስሎ የሚሠራ ሰው እግሩን ማስረጀት ይረሳል።

ጋሽ በሺር ደሴ ሆጤ ሰፈር ተቀምጠው የሟች ሚስታቸውን የዘይቱናን በርኩማ እያዩ አምሳያውን ይቀርጻሉ። እኔም አዲስ መሆኑን ሳልደብቅ እሸጥላቸዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡና ከፌስታል ሁለት በርኩማ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ፋሲካ፣ የዘይቱና የትኛው እንደሆነ ለይልኝ።»

«እንዴ! በእጅዎ የቀረጹት ይጠፋዎታል?» ብዬ ሳቅሁ።

«ሳጸዳ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፣ ወላሂ ጠፋኝ። ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩ። ዳበስኳቸው፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ገለበጥኳቸው፤ የሁለቱም እግር በአንድ በኩል ብቻ አልቋል።

«ያረጀ እንዲመስል እግሩን ሞርደውታል እንዴ?»

«ኧረ ነክቼው አላውቅም!»

አሸተትኳቸው። አደስ የገባበት የፀጉር ቅቤ ይሸታሉ። ይህን ስነግራቸው ተቀብለውኝ እሳቸውም አሸተቱ።

«እኔ የምቀባው ተራ ቅቤ ነው» አሉ። «አደስ የምትጨምረው እሷ ነበረች።»

ፌስታሉ ውስጥ ሌላም ነበር። «ይሄን ለሽያጭ ያመጣሁት ነው» ብለው አወጡት። «ትናንት ነው የጨረስኩት፤ ቅቤም ጭስም አልነካውም።» እውነትም እንጨቱ ገና ነጭ ነው፣ የመሮው ምልክት እንኳ አልጠፋም። ጎድጓዳው ውስጥ እጄን ስሰድ ግን ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ደግሞ ይሞቃል፤ ሰው አሁን ተነሥቶ የሄደበት መኝታ ነው የሚመስለው። ለቀቅኩት። ሱቁ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ሄጄ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እሳቸውን የማጽናና መሰለኝና «ጋሽ በሺር፣ እንግዲህ ደስ ይበልዎ፤ አልጠፋችብዎትም» አልኳቸው። «ሦስቱም የሷ ናቸው።»

ደስ አላላቸውም። ቀና ብለው መደርደሪያዬን አዩ። እሳቸው የቀረጿቸው በርኩማዎች ይደረደሩበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው።

«የሸጥሽልኝስ?» አሉ።

የት የት እንደተበተኑ በምን አውቃለሁ? የመጨረሻውን የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንድ ፈረንጅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲያልፍ ገብቶ ገዝቶታል። እዚሁ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ሞከረው፣ አጠገቡ የተኛ ሰው የጠራው ይመስል ወደ ግራ ዞረ፣ ፈገግ አለ። አስጎብኚው እየሳቀ «ፀጉሬን ሴት የዳበሰችኝ መሰለኝ ይላል» ብሎ ነገረኝ። እኔም ስቄ ነበር።

ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ግን መዋሸት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሽ በሺር ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሦስቱን በርኩማዎች ሰብስበው ትከሻቸው ላይ በነበረው ፎጣ ጥቅልል አድርገው ሸፈኗቸው።

«ዘይቱና እኮ» አሉ፣ «እንግዳ ወንድ ቤት ሲገባ ጓዳ የምትገባ ሴት ነበረች።»