የአገር ሁሉ አማት

ልበ ብሩህ፣ አእምሮ ሰፊ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ከፈጣሪው እጅ ከተቀበላቸው ጸጋዎች መካከል እንደ ድምፁ የራሱ የሆነ፣ እንደ ድምፁም በቀላሉ ከእጁ የሚያመልጥ ሀብት እንደሌለ አስተውለህ ታውቃለህን? መልክ ከአባት ይወረሳል፣ ርስት ከአያት ይተላለፋል፣ ስምም ቢሆን ሌላ ሰው መርጦ የሚያወጣልን ነው፤ ድምፅ ግን ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን በወጣባት ቅጽበት፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ማንም ሳይፈቅድለት፣ «እነሆ መጣሁ» ብሎ ዓለምን የሚያስደነግጥበት የገዛ ራሱ ማኅተም ነው። ይህን ማኅተም ለሌላ ያዋሰ፣ ውሎ አድሮም ማዋሱን የረሳ ሰው፣ የጠፋበት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ቤቱን ሲያተራምስ ይኖራል። ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ብዙ ተራቅቀዋል፤ እኔ ግን በጥቅስ አላደክምህም፤ ይልቁንስ በአዲስ አበባ ከተማ ሕዝብን ስታሥቅ የሸበተችውን የወይዘሮ አጸደወይን ደምሴን ዜና ልንገርህና ፍርዱን አንተው ስጥ።

አጸደወይን በወጣትነቷ ወራት ቁመተ ሎጋ፣ ዐይነ ኩል፣ ንግግሯ የረጋና የከበደ ሴት ነበረች፤ ወደ ትያትር ቤት የገባችውም መንበራቸውን የተነጠቁ ንግሥታትንና ልጆቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች ለመጫወት፣ ተመልካቹንም አንገት አስደፍታ ለማስለቀስ ተመኝታ ነበር። ምኞት መቼ ይከለከላል! ትያትር ቤቱ ግን ንግሥት ያደርጋት ዘንድ አልፈቀደም፤ ውኃ አቅርባ፣ እጅ ነሥታ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የምትወጣ ደንገጡር አድርጎ አስቀራት። እንዲህ ስትቆዝም ትዳር ያዘች፣ ሴት ልጅም ወለደች፤ ሕፃኒቱም ገና ጡት ሳትጥል፣ «የጓዳ ችሎት» የተሰኘ ሳምንታዊ አስቂኝ ድራማ በቴሌቪዥን ሊጀመር ነውና የክፉ አማት ገጸ ባሕርይ ትጫወት ዘንድ ተጠራች። ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው አሏት፤ እርሷም አመነች። በመጀመሪያው ወራት በፊቷ ላይ ሽብሽብ በእርሳስ ይሣልላት፣ በፀጉሯም ላይ ዱቄት ይነሰነስላት ነበር፤ ዘመን ዘመንን እየተካ ሲሄድ ግን አስቀድሞ ዱቄቱ፣ ቀጥሎም እርሳሱ ሥራ ፈቱ።

ይህች አማት እትዬ ማንአህሎሽ ትባላለች። እንደምታውቀው በአገራችን ወግ የልጅ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎች «አረፍ በሉ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በትሕትና ይቆማሉ፤ ባለቤቶቹም ደጋግመው ይለምኗቸዋል፤ በዚህም መከባበር መካከል ነገሩ እየለሰለሰ ይሄዳል። እትዬ ማንአህሎሽ ግን ወጉን ገለበጠችው። ለሴት ልጆቿ በመጡ ሽማግሌዎች ፊት በሰፊው ወንበሯ ላይ ተንሰራፍታ፣ ከአፍንጫዋ በሚወጣ ቀጭንና ስል ድምፅ «ቁሙ! እግር ሳይዝል እውነት አይወጣም!» ትላቸዋለች፤ ከዚያም ጉልበታቸው እስኪብረከረክ ድረስ ዘር ማንዘራቸውን ትመረምራለች። ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። ቃሉ ከቴሌቪዥን ወጥቶ በየአውቶቡሱ ወንበር ባጡ ተሳፋሪዎች አፍ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ በሚያጉላሉ ጸሐፊዎች አፍ ገባ። አጸደወይን የሚለውን ስም የሚያውቅ ግን ከቤተ ዘመድ በቀር ማንም አልቀረም፤ ገበያ ስትወጣ ነጋዴው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም የኔ ቢጤው፣ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ይከተላታል። እርሷም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ደስ ይላት ነበር። ውዳሴ ከንቱ መጀመሪያ ሲቀምሱት ማር ነው።

ነገር ግን የማያሳርፍ ማር ነበር። በድራማው ውስጥ ከወንበሯ የማትነሣው ሴት፣ ከቀረጻ በወጣች ጊዜ ለአፍታ እንኳ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ቁጭ ብድግ፣ ወጣ ገባ ስትል፣ የተዘረጋ ስታጥፍ፣ የታጠፈ ስትዘረጋ ይመሻል። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልጁ ፊደል ሳትቆጥር በሕመም ዐረፈ፤ እርሷም ሐዘኑን እንኳ በቅጡ ሳትቀመጥ ወደ ቀረጻ ተመለሰች። ልጇ ፌቨን በበኩሏ ረጋ ያለች፣ ቃል ቆጣቢ ልጅ ሆና አደገች፤ ተማሪ ሳለች የክፍል ጓደኞቿ «የማንአህሎሽ ልጅ» እያሉ ሲያሾፉባት ለእናቷ አንድም ቀን አልተናገረችም፤ ተምራ መድኃኒት ቀማሚ ከሆነች በኋላም፣ የወደዷት ጎረምሶች የእናቷን ማንነት ሲያውቁ ቀስ እያሉ ሲርቁ በሆዷ ያዘችው። እንዲህ ባለ ቤት ማን ሽማግሌ ይልካል? በመጨረሻ ዳግማዊ የተባለ የመንገድ መሐንዲስ ተገኘ፤ ጭምትና ቁም ነገረኛ ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትም እሑድ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ፌቨን ሳህን እያደራረቀች፣ ፊቷን ወደ እናቷ ሳታዞር፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ልመና ለመነች።

«እማዬ፣ ያቺን ሴት በዚያ ቀን እቤታችን ማየት አልፈልግም። በራስሽ ድምፅ ስለ እኔ ተናገሪልኝ። ከዚህ ሌላ ጥሎሽም ስጦታም አልጠይቅሽም።»

አጸደወይን ይህን ያህል ቀላል ነገር በመጠየቋ ተገርማ፣ ልጇን ስማ፣ በእግዚአብሔር ስም ቃል ገባችላት። ከዚያም ጓዳ ገብታ መስተዋት ፊት ቆመችና ለሽማግሌዎቹ የምትናገረውን ልትለማመድ ጀመረች፤ ወዲያውም ደነገጠች። «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብትል ከአፍንጫዋ ወጣ። ዝቅ አድርጋ ብትሞክረው በትያትር ቤት የሰማችው የንግሥት ድምፅ ሆነ። ለስለስ ብታደርገው የሳሙና ማስታወቂያ መሰለ። የገዛ ድምፅዋን የት እንዳኖረችው አጥታ፣ ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ተንቆራጠጠች፤ በማግስቱም ታላቅ እኅቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄዳ፣ ቆማ እንዳለች፣ ድሮ እንዴት ነበር የምታወራው ብላ ጠየቀቻት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እንጃ፣ እንዲሁ እንደ ሰው ነበር የምታወሪው አለቻት፤ ቀጥላም፣ ለነገሩ ያሁኑ ይሻላል፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይወዱታል ብላ አጽናናቻት። እንዲህ ካለ ማጽናናት ይሰውርህ! አጸደወይን ወደ ቤቷ የተመለሰችው ታክሲ ሳትይዝ፣ መላውን መንገድ በእግሯ እየተራመደችና ለብቻዋ እያጉተመተመች ነው።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ በአንድ አውራጃ ለረጅም ዘመን ዳኝተው ጡረታ የወጡትን አቶ ይርዳውን አስቀድመው ገቡ፤ አረፍ በሉ ቢባሉም እንደ ወጉ እንቢ ብለው በአንድነት ቆሙ። ፌቨን በውስጠኛው ክፍል በተገርበበ በር ጀርባ ሆና ታዳምጣለች። በባሏ ፈንታ የእኅቷ ባል ይናገር ዘንድ ተገቢ ቢሆንም፣ አጸደወይን ቃሏን ለመፈጸም ስትል እርሷው ልትመልስ ተነሥታለች። አቶ ይርዳው የመጡበትን ጉዳይ፣ የልጁን አመልና የቤተሰቡን ጨዋነት በተመረጠ ቃል ዘርዝረው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን አጣምረው ምላሿን ጠበቁ፤ አጸደወይንም አንደበቷን በትግል ይዛ፣ ቃላቱን አንድ ባንድ እየመረጠች ጀመረች።

«ይህችን ልጅ አባቷ አላደረሳትም፤ እኔም ሥራ ላይ ስለምውል ያደገችው በራሷ ነው ብል ይቀላል። ቁጡ አይደለችም። ስትከፋ ዝም ነው የምትለው፤ ዝም ስትል ልጃችሁ ይወቅባት።»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአፍንጫዋ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፤ አቶ ይርዳውም ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አንተ አንባቢዬ ይህን ብታይ ነገሩ ሠምሯል ትል ነበር፤ ማንም ሰው ይል ነበር። አጸደወይን ግን ከወጣትነቷ ጀምሮ አንድም ዐረፍተ ነገሯ ሣቅ ሳይከተለው መሬት ነክቶ አያውቅም፤ ካሜራ ያዡ ባይሥቅ የተቀዳ ሣቅ ይጨመርለታል፤ ስለዚህ ያ የአክብሮት ዝምታ በጆሮዋ የውድቀት ዝምታ ሆኖ ተሰማት። አልተወደደልኝም አለች በልቧ። እግሯ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ዐይኗ ከፊት ወደ ፊት እየዘለለ ምልክት ፈለገ፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው ሰው ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ባየችው ጊዜ፣ ምናልባት ጥርሱን አሞት ሊሆን ይችላል፣ ሣቅ የያዘው መሰላትና፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ራሷን መግታት ተሳናት። በሰፊው ሶፋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ እጇንም ዘርግታ፣ ከአፍንጫዋ በሚወጣው በዚያ ቀጭንና ስል ድምፅ፣ «ቁሙ! እግር ሳይዝል እውነት አይወጣም!» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። አቶ ይርዳው ክብራቸውን ጥለው ግድግዳ ተደግፈው ሣቁ፤ አንደኛው ሽማግሌ ነጠላው ወለል ላይ ወደቀ፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ሊፈስ የነበረው እንባ በሣቅ እንባነት ፈሰሰ። ዘርም አልተቆጠረ፣ ሌላ ቀጠሮም አልተሰጠ፤ በብዙ ቤት ስንት ምልልስ የሚፈጀው ጉዳይ በዚያው ሰዓት አለቀ፣ ፌቨንም ተሰጠች። ሽማግሌዎቹ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያሳዩትን ፎቶግራፍ ከእትዬ ማንአህሎሽ ጋር ተነሥተው፣ መርቀው ሄዱ። ልጂቱ ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። እናቷ እንድትቆጣት፣ እንድትሰድባት፣ ቢያንስ እንድታለቅስባት እየተመኘች ተከተለቻት፤ በመጨረሻም አላስችላት ብሎ፣ ልጄ ተናገሪኝ እንጂ አለቻት። ፌቨን ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ጥራቱን ተመለከተች።

«ምን አደረግሽና? ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ እኮ» አለችና ማጠቧን ቀጠለች።

ከዚያች ቀን በኋላ አጸደወይን ፈጽማ ዕረፍት አጣች። በሳምንቱ ወደ ድራማው አዘጋጆች ሄዳ ሥራውን መተዋን አስታወቀች፤ እነርሱም ለምነው፣ አስለምነው፣ ተቆጥተውም ሲያቅታቸው፣ እትዬ ማንአህሎሽ ገጠር ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች አሰኙ። ሕዝቡ ቅሬታውን አሰማ፤ በየመንገዱ እያስቆመ መቼ ትመለሻለሽ አላት። ለፌቨን ብትነግራት፣ አንቺን ከተስማማሽ ጥሩ ነው አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። አጸደወይን ከምግብ አስቀድማ አንደበቷን ጾም አስያዘች፤ ስልክ አታነሣም፤ ሰላምታ በራሷ ንቅናቄ ትመልሳለች፤ ማለዳ ማለዳ ብቻ በሯን ዘግታ፣ ከጓዳ እስከ መስኮት እየተመላለሰች፣ ዳዊት ትደግማለች። በመጀመሪያ ዳዊቱም ከአፍንጫዋ ወጣ። አፍራ አቋረጠች፤ ደግማ ጀመረች፤ ተናደደች፤ መጽሐፉን ዘጋች፤ ከፈተች። በሕማማት ሰሞን ግን አንድ ማለዳ፣ ማንም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ትንሽ የደከመ የሴት ድምፅ ሰማችና ማን ገባ ብላ ዘወር አለች። ማንም አልነበረም። ቀስ ብላ አንድ ቁጥር ጨመረች፤ ያው ድምፅ ተናገረ። አጸደወይን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስኪወጣላት ድረስ አለቀሰች፤ ድምፁንም እንዳይጠፋባት ደብቃ፣ ለልጇ የሠርግ ቀን አኖረችው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በሰፊ ድንኳን ተደረገ። ሙሽሪት ከወላጆቿ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ፣ እንደ ደንቡ ጉልበት ስማ ትመረቅ ዘንድ፣ አዛውንቱ በወንበር፣ ሴቶቹ ከኋላቸው ተኰልኵለው ተሰናዱ። ፌቨን ነጩን ቀሚሷን ሰብስባ፣ የአክስቷንና የአጎቷን ጉልበት ሳመችና በእናቷ ፊት ተንበረከከች፤ ያን ጊዜ ታዳሚው ሁሉ፣ አቶ ይርዳውም ጭምር፣ አሁን ምን ትል ይሆን እያለ፣ ሣቁን ከወዲሁ አዘጋጅቶ ስልኩን ወደ ላይ አነሣ። አጸደወይን አላያቸውም። በልጇ ጫንቃ ላይ እጇን አሳርፋ፣ ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ከተኛበት አስነሣችው።

«ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። እኔ ሳልሰማሽ የቀረሁትን ሁሉ የሚሰማሽ ባል ያድርግልሽ። ቤትሽ ዝም ብትዪ የሚያውቅብሽ ሰው አይጥፋበት።»

ማንም አልሣቀ። ስልኮቹ አንድ ባንድ ወደ ታች ወረዱ፤ ከኋላ የነበሩት ሰዎች ማን ነው የመረቀው እያሉ እርስ በርሳቸው በሹክሹክታ ተጠያየቁ። አጸደወይን የልጇን መልስ ጠበቀች፤ በዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ ወድዳ አታውቅም። ፌቨን ገና ግንባሯን ከእናቷ ጉልበት ላይ አላነሣችም ነበር። ከጡት ሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ያን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ሰምታ አታውቅምና፣ በሽማግሌዎቹ ፊት የተንቀጠቀጠውም ይህ አልነበረምና፣ ከኋላ ከቆሙት ሴቶች አንዲቱ፣ የማታውቃት አንዲት ደግ አሮጊት፣ አዝናላት የመረቀቻት መሰላት፤ በተለመደው ጨዋነቷም፣ ቂም ሳይኖራት፣ ቀልድም ሳታስብ፣ እንዳጎነበሰች «አሜን፣ እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች። ለአገር ሁሉ የታደለ ድምፅ፣ ለአንዲት ጆሮ በተፈለገ ጊዜ ቢገኝ እንኳ፣ እንግዳ ሆኖ ይገኛል።