አስራ አራት ሚሊ

መቶ አስራ ስምንት ነበር፣ እርግጠኛ ነው፣ አንዴ አይደለም ሦስቴ ለክቶታል፣ ለክቶም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፎታል፣ ይኸው ግድግዳው እስከ አሁን መቶ አስራ ስምንት ይላል፣ በእጁ የያዘው ብረት ግን መቶ አራት ነኝ እያለው ነው፣ ካሊፐሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፣ ዜሮ ላይ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይለካል። መቶ አራት። አስራ አራት ሚሊ ወዴት ሄደ? ብረት እኮ ሹራብ አይደለም፣ ታጥቦ አያጥርም።

ምነው ዝም አልክ ኢንጂነር፣ ይላል ዶክተር ከመኪናው ስር፣ ከወገቡ በታች ብቻ ነው የሚታየው። ምንም፣ ይለዋል። ዶክተር መካኒክ ነው፣ እሱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲልጥ የኖረ ነው፣ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ደጅ ለእንግድነት እንኳ አልረገጡም፣ ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፣ ሰፈር ደግሞ ማዕረግ ሲሰጥ ፈተና አይፈትንም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነበር። አዲስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከአሮጌ ፎር ዊል ማከፋፈያ ጋር ማጋባት፣ በቃ። ካምቢዮው የትናንት ልጅ ነው፣ ማርሹን ራሱ የሚቀያይር፣ ማከፋፈያው ግን፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ያ ከባድ የብረት ሳጥን፣ የዶክተር እኩያ ነው፣ ጠባዩም እንደ ዶክተር፣ ከማንም ጋር አልገጥምም ባይ። ቀዳዳቸው አይገጥም፣ ጥርሳቸው አይገጥም፣ ስለዚህ በመሃላቸው የሚገባ ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ፈልፍሎ አበጀላቸው፣ በሰሌዳው ሆድ ውስጥ ደግሞ አጭር ቱቦ የመሰለ ማገናኛ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው፣ አንዱ ጫፉ የካምቢዮውን ዘንግ የሚውጥ፣ ሌላው የማከፋፈያውን፣ በየጫፉ አስራ ስድስት ሚሊ። ስምንት ወር። ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ዶክተር አጨበጨበ፣ እሱ መሪውን ጨበጠ፣ ዲ ላይ አስገባ፣ ነዳጅ ረገጠ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ አራቱም ጎማ ንቅንቅ አላለም። የገጠሙትን ሁሉ ሲፈቱ ግማሽ ቀን ሄደ፣ ማገናኛው ወጣ፣ እና መቶ አራት። ከአስራ ስድስቱ አስራ አራቱ ከተቆረጠ ዘንጉን የያዘው ሁለት ሚሊ ነው፣ ሁለት ሚሊ ምን ይይዛል፣ ምንም።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች አይታዘዘውም፣ ከመኪና አደጋው ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም፣ ፍሪሲዮን መርገጥ የማይችል ሰው ደግሞ ልውሰድህ ይባላል፣ ልመልስህ ይባላል፣ ቆይ ሥራዬን ልጨርስና ይባላል፣ ሚስቱ ጋራዡ በር ላይ እንደ ዕቃ ታወርደዋለች፣ ሲመሽ መጥታ እንደ ዕቃ ትጭነዋለች፣ ክፋት የላትም፣ ደክሟት ነው፣ እሱም ደክሞታል። አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም። ቀኝ እግር ይበቃል። ይህች መኪና ከተንቀሳቀሰች እሱም ይንቀሳቀሳል፣ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምኞት የለውም።

ያው ተሳስተህ ይሆናላ፣ ይላል ዶክተር እየዳኸ ወጥቶ፣ መቶ አራት ብለህ ቆርጠህ መቶ አስራ ስምንት ብለህ ጽፈህ፣ ዕድሜ ነው ወዳጄ፣ እኔም ትናንት መነጽሬን አድርጌ መነጽሬን ስፈልግ ነበር። ይሆናል፣ ይላል እሱ፣ አፉ ይበል እንጂ ልቡ አይልም፣ ምክንያቱም ሰው ሚስቱ የተወለደችበትን ቀን ይረሳል፣ የቆረጠውን ብረት ግን አይረሳም፣ ቢያንስ እሱ አይረሳም፣ እና ዓይኑ ሳያስበው ወደ ዶክተር እጅ ይሄዳል። የዚህ ቤት ቁልፍ ያለው ማን ነው? እሱ። ዶክተር። አንተ ነካክተኸዋል፣ ይለዋል በድንገት፣ አንተ ካልነካኸው ማን ይነካዋል። ዶክተር የዘይት ጨርቁን ይጥላል፣ አንተ ሰውዬ ታመሃል እንዴ፣ ስምንት ወር ጀርባዬ ሲሚንቶ ላይ ሲያልቅ የከረመው አንተን ላበላሽ ነው? እውነቱን ነው። አፍሮ ብረቱን ያገላብጣል፣ ሐፍረቱን የሚሸፍንበት ሌላ ሥራ የለውም፣ አውራ ጣቱ በአንዱ ጫፍ ጠርዝ ላይ ይዞራል፣ ስለት ነው፣ የራሱ ሥራ፣ ጠርዝ ሞርዶ አያውቅም፣ ዶክተር በዚህ ሲሰድበው ኖሯል፣ ያንተ ብረት ሰው ያርዳል እያለ። ብረቱን ያዞረዋል። በሌላው ጫፍ ጣቱ ይንሸራተታል።

ለስላሳ ነው። ተሞርዷል፣ ዙሪያውን፣ በጥንቃቄ፣ ማንንም እንዳይቆርጥ።

አይ። አይሆንም። ሦስተኛ ቁልፍ አለ፣ የሴት ልጁ። አስራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ እሱ የተወው ጠርዝ አውራ ጣቷን ሰንጥቋት ስታለቅስ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በእጇ የቆረጠችውን ሁሉ ሳትሞርድ አታስቀምጥም፣ ብረትም ይሁን እንጨት፣ የትምህርት ቤት የፕላስቲክ ማስመሪያ ሳይቀር ሞርዳ ቤተሰቡን ስታስቅ የነበረች፣ ቶርኖውን ራሱ ነው ያስተማራት፣ በአስራ ስድስት ዓመቷ ከአንዳንድ ባለሙያ ነን ባይ የተሻለች፣ አሁን አስራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ባለፈው ቅዳሜ፣ አባዬ አንተ እረፍ፣ ቤቱን እኔ አጽድቼ እዘጋለሁ፣ ብላው ነበር። እሱ ደግሞ ተደሰተ። ልጄ አሰበችልኝ ብሎ ለሚስቱ አወራ። ሞኝ። ጅል። የቆረጠችውን ቀለበት ከቁርጥራጩ ጋር ጠርጋ ጣለችው ማለት ነው፣ ወለሉን አሳምራ።

ሚስቱ ብትሆን ይገባው ነበር፣ ፈርታ ነው ይል ነበር። ዶክተር ቢሆን ተጣልቶ ይታረቅ ነበር። ልጁ? ሁሉ ሰው በጎን ሲያየው ከጎኑ የቆመችው እሷ አይደለች? የትራፊክ ፖሊሱን ወረቀት በቃሉ ይዞታል፣ «አሽከርካሪው የፊት ግራ ጎማ በድንገት በመፈንዳቱ ተሽከርካሪውን መቆጣጠር ባለመቻሉ ከመንገዱ ግራ ካለው አለት ጋር ሊጋጭ ችሏል»፣ ቃሉን የሰጠችው እሷ ናት፣ አጠገቡ ተቀምጣ የነበረች፣ አንድ ጭረት ያልነካት፣ እሱ ራሱን ስቶ ተኝቶ። እና የፍንዳታውን ድምፅ ያስታውሰዋል። ዷ! ስንቴ ነግሯል፣ በለቅሶ ቤት በሠርግ ቤት፣ ዷ ሲል ልቤ ቀጥ አለች እያለ፣ እሷም እዚያው ተቀምጣ። ታዲያ ጎማ ፈንድቶበት የተጋጨን አባት ለምን እንዳይነዳ ታደርጋለች? ጎማ የማንም ሊፈነዳ ይችላል። ጎማ ጥፋት አይደለም።

ዶክተር፣ ይላል፣ ድምፁ ለራሱም ቀጥኖ ይሰማዋል፣ ያን ቀን መኪናዋን ጎትተህ ያመጣሃት አንተ ነህ አይደል። እኔ ነኝ። የፈነዳው ጎማ የት ሄደ? ዶክተር ጎንበስ ብሎ የጣለውን ጨርቅ ያነሣል፣ አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ እንደገና ያወጣዋል። ዶክተር። ምን ላርግህ፣ ይላል በመጨረሻ፣ አራቱም ነፋስ ነበራቸው፣ ልጅቷ ለመነችኝ፣ አንተ በሞትና በሕይወት መሃል ነህ፣ እሷ እግሬን ይዛ ታለቅሳለች፣ ምን እንድላት ነበር የፈለግከው፣ ጎማዎቹን አውጥቼ ሸጥኳቸው፣ በቃ።

ሸጥኳቸው። በቃ። ሁለት ዓመት እዚሁ ቤት፣ ብረት በሚነክሰው አንድ ሞርሳ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እሱ ዷ ሲል ዶክተር አይዞህ ሲለው። ተጫውተውበታል። አጃጅለውታል። የያዘው ንዴት ነው፣ ንዴት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ከስሩ ሌላ ነገር አለ፣ ስሙን መጥራት የማይፈልገው፣ ጎማው ካልፈነዳ መኪናዋን ከመንገድ ያወጣት ምንድን ነው፣ አይ፣ አሁን አይደለም፣ ድምፁን ሰምቷል፣ በጆሮው ሰምቷል፣ ማን ነው የነገረው፣ ማንም አልነገረውም፣ ነገረው እንዴ?

በሩ ይንኳኳል። ማንኳኳት አይደለም፣ ቁልፍ ነው። ትገባለች፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ፣ ታዲያ ተነሣች ወይስ፣ ትላለች፣ ከዚያ በእሱ እጅ ያለውን ታያለች፣ ከዚያ ዶክተርን፣ ዶክተር ያለ ሥራው ተመልሶ መኪናው ስር ይገባል። ማገናኛውን ሞርሳው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ የተሞረደውን ጫፍ ወደ እሷ አዙሮ። ይህ ያንቺ ሥራ ነው? ልትዋሽ ትችላለች፣ ይህን ያህል ዓመት ከዋሸች አሁን ምን ይከብዳታል፣ ብትዋሸው ያምናታል እንኳ፣ እንድትዋሸው ይለምናታል በልቡ። አዎ፣ ትላለች።

ለምን? ተኝተህ ነበር አባዬ። መቼ? ያን ቀን፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ብረቱን ሳትሞርድ እንደማታስቀምጠው ሁሉ፣ ጎማው አልፈነዳም፣ ተኝተህ ነበር፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ወደ ገደሉ ስትሄድ መሪውን ይዤ ወደ ግራ የገፋሁት እኔ ነኝ፣ አለቱ አንተ ጋ እንደሚመጣ አላሰብኩም፣ እግርህን አላሰብኩም።

ከዳሽኝ፣ ሊላት ነው፣ ቃሉ አፉ ውስጥ አለ፣ እውነትም ነው፣ ከድታዋለች፣ በሰው ፊት የማያውቀውን ሲያወራ እያየችው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አባዬ ተወው ሳትለው። አንዴ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ይላል። ድምፁን ስታወራ፣ ትላለች፣ ደስ ይልህ ነበር፣ እኔም አንዳንዴ ሰምቼው ይሆን እላለሁ፤ ግን መልሰህ ልትነዳ ነው፣ እማዬን ጭነህ፣ አልተኛሁም ብለህ አምነህ። እሱ ይፈልጋል፣ ድምፁን፣ ዷውን፣ ሁልጊዜ ካስቀመጠበት ቦታ ይፈልገዋል፣ ቦታው አለ፣ ድምፁ የለም። ሌላም የለም። መንገድ ነበር፣ ፀሐይ ነበረች፣ ከዚያ ነጭ ጣሪያ።

ጠርተሽኝ ነበር? ጠርቼሃለሁ። ስንቴ? አባዬ ተወው። ስንቴ ነው የምልሽ? ልጁ መልስ ከመስጠቷ በፊት ብረቱን ከጠረጴዛው ታነሣዋለች፣ በሁለት እጇ ትይዘዋለች። እስክትነቃ ድረስ ነው የጠራሁህ፣ ትላለች፣ ሆስፒታልም ገብተህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዓይንህን ስትገልጥ ምን ሆንኩ ስትለኝ፣ የመጣልኝ ጎማ ብቻ ነው፣ እና እሱ ይህን ያስታውሳል፣ ይህን አዎ፣ ከነጩ ጣሪያ በታች በለቅሶ ያበጠ ፊቷን፣ ጎማ ፈንድቶ ነው አባዬ፣ አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ እና እሱ፣ እግሩን ሳይጠይቅ፣ እሷ ተጎድታ እንደሆን ሳይጠይቅ፣ መጀመሪያ የተነፈሰው እፎይ ነበር።