ስሙ የተፋቀ ሸክላ

በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ ፒኮ የሚሉት፣ ሰፈር የሚያናውጥ ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ነው። ባለቤቱ ተፎካካሪ እንዳይደርስበት ከሚያጫውተው የዘፈን ሸክላ ላይ ስሙን ይፍቅና ለዘፈኑ የራሱን ስም ያወጣለታል። ፒኮ የነበረው የኤዲልማ አባትም አንዱን ዘፈን «የአማት ምላስ» ብሎት፣ በዘፈኑ ላይ ሚስቱን እየጠራ ሲፎክር ተቀድቶ ነበር። ሲሞት የቀረው ድምፁ ይኸው ብቻ ነው፤ አንድ ወዳጁ ኤዲልማ በከፈተችው የዘፈን መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ አባቷ ባወጣለት ስም ጫነው።

የዘፈኑ ባለመብት ጠበቃ ዘፈኑን በእውነተኛ ስሙ ጠርቶ እንድታወርደው ጻፈላት። ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችውና ተወችው። ተከሳ ፍርድ ቤት ዘፈኑን ሲያሰሟት ግን የአባቷን ሳቅ ሰማች።

«ሰው ለጫነው አትጠየቂም ነበር» አሏት ዳኛው። «ተነግሮሽ ካላወረድሽ ግን ትጠየቂያለሽ።»

«አባቴ የሚናገርበትን ብቻ ላስቀረው?»

«ከዘፈኑ ይነጠላል?»

«አይነጠልም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ቅጂ ሳታስቀሪ አጥፊው።»

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት።

«ያ ቀልማዳ፣ እኔ ስንት ዓመት ለምኜው ዝም አላለም» አለች እናቷ፤ «ዳኛ ዝም አሰኘው? በይ ክፈቺው፣ ስሜን ይጥራኝ።»

ጠራት። እናቷ እንደ ድሮው «አቤት» አለችው። ከዚያ ኤዲልማ አጠፋችው።